የቀኝ በኩሉ የእኔ ነበር

ባለፈው ሳምንት የመታወቂያዬን ኮፒ ለማስነሳት ለቡ መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ከማሽኑ ላይ አንሥታ የሰጠችኝ ወረቀት ገና ትኩስ ነበር። የጋለ ቀለም ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ የተቃጠለ አቧራ። "ሌላ የሚነሳ አለ?" ብላ ሁለቴ እስክትጠይቀኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። የለም አልኳት። ከወጣሁ በኋላ ግን ወደ ታክሲው ወረፋ አልሄድኩም። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱ እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ።

የእናቴ ሱቅ እንዲህ ነበር የሚሸተው። አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ መካኒሳ አስፋልቱ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። አባቴ በዚያ ዓመት ለሥራ ጅማ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ወደ ሱቁ ነው። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ከሌለ፣ መብራትም ካልጠፋ፣ ጀርባው እንደ ቦርጭ የወጣው አሮጌ ኮምፒውተር የእኔ ይሆናል።

ጨዋታውን የጫነልን ኮምፒውተሩን ሊጠግን የመጣ ቴክኒሻን ነው። ለእናቴ "ልጅቷ እንግሊዝኛ ትማርበታለች" አላት። እናቴ እንግሊዝኛ ያስተምራል ካሏት እባብም ቢሆን ቤት ታስገባለች።

ጨዋታው ላይ የዝናብ ልብስ የለበሰች ፈረንጅ የጠፋች እህቷን ፍለጋ ሰው ወደማይኖርበት ትልቅ ቤት ትገባለች። በየክፍሉ ዕቃ ተከምሯል። ከሥዕሉ ሥር የአሥራ ሁለት ዕቃዎች ስም በእንግሊዝኛ ይዘረዘራል፤ ጃንጥላ፣ መቀስ፣ የእጅ ሰዓት፣ የወፍ ላባ። እነዚህን ከክምሩ ውስጥ ፈልጎ የጨረሰ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ቁልፉም የሚቀጥለውን ክፍል ይከፍታል። ላባው የመጋረጃ ጥልፍ መስሎ ይደበቃል፤ መቀሱ ከወንበር እግር ጋር ተጣብቆ ይቆማል።

እኔ ቤቱ የእውነት ቤት ይመስለኝ ነበር። ፈረንጆች ቤታቸውን የማያፀዱ ሰዎች ናቸው ብዬ ደምድሜ ለክፍል ጓደኞቼም ተናግሬአለሁ። እናቴ አንድ ቀን ከትከሻዬ በላይ አየችና "መጥረጊያው እኮ እዚያው ቆሟል፤ የሚያነሳው ጠፋ እንጂ" አለች።

ጨዋታውን የምጫወተው ከጋሽ ኤርሲዶ ጋር ነበር። ጋሽ ኤርሲዶ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ከሆሳዕና መጥተው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። ልጅ አልወለዱም፤ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ እኛ ግቢ ጓሮ ባለችው ክፍል ይኖሩ ነበር። ለእርጅናቸው የያዙት ሥራ ተማሪ ማመላለስ ነው። በአንዲት ነጭ ሚኒባስ ዘጠኝ ልጆች ጠዋት ከመካኒሳና ከለቡ ለቅመው ሀና ማርያም ወዳለው ትምህርት ቤታችን ያደርሳሉ፤ ከሰዓት መልሰው ያመጣሉ። እኔም ከዘጠኙ አንዷ ነበርኩ፤ ዘመድ ስለሆንኩ ጋቢና እቀመጣለሁ።

ሌሎች ሾፌሮች በር ላይ ጥሩምባ ነፍተው ልጁን ያወርዱና ይሄዳሉ። ጋሽ ኤርሲዶ ሞተር አጥፍተው ይወርዳሉ፣ ዞረው ተንሸራታቹን በር ይስባሉ፣ ልጁን ከብብቱ አንሥተው መሬት ያስነኩታል፣ እጁን ይዘው እስከ ግቢው በር ይሸኙታል። ከኋላ ያለ መኪና ቢያጮህባቸው እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይሉታል። "ማርታ፣ ሲሚንቶ ስጭን እንኳ ቆጥሬ ነው የማስረክበው" ይሉኝ ነበር።

ሥራ ከጨረሱ በኋላ ሚኒባሷን ሱቁ ፊት ለፊት አቁመው ይገቡና ከጎኔ ይቀመጣሉ። እሳቸው የእንግሊዝኛ ፊደል አያነቡም፤ ዕቃ ግን ያውቃሉ። እኔ ፊደሉን አነባለሁ እንጂ ግማሹን ዕቃ አይቼው አላውቅም። አንድ ቀን የማላውቀው ቃል መጣ። ከእናቴ መዝገበ ቃላት ስፈልገው "መስፍ" ይላል። መስፍ ምን እንደሆነ አላውቅም።

"አንጥረኛ ብረት የሚቀጠቅጥበት ነዋ" አሉ ጋሽ ኤርሲዶ። ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብለው በእስክሪብቶ ጫፍ አሳዩኝ። "ይኸውልሽ፣ ከፒያኖው ሥር። አንቺ ምን ታያለሽ?"

"ጫማ መስሎኝ ነበር።"

"ይኼን ጫማ የሚያደርግ ሰው አይግጠምሽ" አሉ።

አጨዋወታችን ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ እሳቸው ይፈልጋሉ፤ በእስክሪብቶው ሲያሳዩኝ እኔ በማውሱ እነካለሁ። "በቃኝ" ሲሉ የተረፈውን እኔ እለቅማለሁ። ይህን ሥርዓት ማንም አላወጣውም፤ ከገበታ የመጣ ነው። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ቀድሞ ይበላል፣ ሲነሳም ለልጅ ያስቀራል። ጋሽ ኤርሲዶ ከትሪው አንዱን ጥግ፣ ወጥ ጠገብ ያለውን፣ ሳይነኩ ትተውልኝ እጃቸውን ይታጠባሉ። ጠርጎ የሚበላ ትልቅ ሰው በእናቴ ዘንድ ስሙ አንድ ነው፣ ሆዳም።

ስለዚህ ከገና በኋላ ጋሽ ኤርሲዶ ከሥዕሉ የቀኝ በኩሉን መተው ሲጀምሩ ምንም አልደነቀኝም። በገና ሰሞን ከባድ ራስ ምታት ይዟቸው ሁለት ቀን ተኝተው ነበር። ተነሥተው ሲመጡ ይበልጥ ደግ ሆነው መጡ፤ እኔ የተረዳሁት እንደዚያ ነው። በግራ በኩል ያለውን ሁሉ፣ መሐል ያለውን ሁሉ ይለቅማሉ። ከዚያ "በቃኝ፣ የቀረውን አላገኘሁም" ይሉና ወደ ኋላ ደገፍ ይላሉ። እኔ ሳየው የቀረው ሁሉ በቀኝ ተሰልፎ ይጠብቀኛል፤ አንዳንዴም ማንም የሚያየው ትልቅ ባልዲ። ባልዲ አላየሁም ማለታቸው ያስቀኛል። ደግ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው የሚዋሸው ብዬ አምን ነበር።

ሌሎችም ነገሮች ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን "ፊደሉ ደቀቀብኝ" ብለው ለእኔ እየሰጡ ያስነብቡኝ ጀመር፤ የሚፈትኑኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። የሚኒባሷ የቀኝ መስታወት ሁለት ጊዜ ተፋፍቆ ተገኘ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው የገጨው መስሏቸው ዘበኛውን ጠየቁት። ዘበኛው "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ማንም ሲነካው አላየሁም" አለ። ጋሽ ኤርሲዶም በእሑዱ ጸሎት ላይ መስታወቱን የገጨውን ሰው ጌታ እንዲባርከው፣ ልቡንም እንዲያለሰልሰው ለመኑ። ደጋግመው ለመኑለት። ሰውዬው እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ነው ነገሩ የወጣው። በሰንበት ትምህርት የምስጋና ሰዓት አለን። እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ ጌታን ስለ አንድ ነገር ያመሰግናል። አብዛኛው ልጅ ስለ ጤናው ያመሰግናል፤ ቶሎ ያልቃላ። እኔ የሰው ነገር መድገም አልወድም ነበር። ተነሣሁና "ጌታ ሆይ፣ ስለ ጋሽ ኤርሲዶ አመሰግንሃለሁ። ኮምፒውተር ላይ ዕቃ ስንፈልግ የቀኝ በኩሉን ሁልጊዜ ለእኔ ይተዉልኛል" አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። መምህራችን አሜን አለች። ዞር ስል ጋሽ ኤርሲዶ ሊወስዱኝ መጥተው የመኪና ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ፈገግ አልኩላቸው። እሳቸው አልሳቁም።

ሌላ ጊዜ ሲነዱ መዝሙር ያንጎራጉራሉ፤ በዚያ ቀን ዝም አሉ። እቤት ስንደርስ ከእናቴ የሱቁን ቁልፍ ተቀበሉ፣ ማርታ እንግሊዝኛ ልታጠና ነው ብለው። እሑድ ሱቁ ዝግ ነው። በሩን ገርበብ አድርገን ኮምፒውተሩን ከፈትን።

"ቅድም ያልሽው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ምን አልኩ?"

"ትቼልሻለሁ ያልሽው።"

"የቀኝ በኩሉን ነዋ ጋሼ። ሁልጊዜ ይተዉልኝ የለ?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

አሰብኩ። "ከገና ጀምሮ።"

የደረስንበት ክፍል ወጥ ቤቱ ነበር። ድስቱ፣ ወንፊቱ፣ ደረቅ ሽንኩርቱ ሁሉ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። "በቀኝ በኩል ያለውን አንድ በአንድ በጣትሽ አሳዪኝ" አሉኝ። ማሰሮ አሳየሁ። ወንፊት አሳየሁ። መደርደሪያው ላይ የተጋደመች ግራጫ ድመት አሳየሁ።

"ድመት የለም" አሉ።

"ይቺትና።"

ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ አዞሩ። "አሁን አየኋት።" ፊታቸውን መለሱ። "አሁን ጠፋች።" እንደገና አዞሩ፣ እንደገና መለሱ። አንዱን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሞከሩ፣ ከዚያ ሌላውን። እኔ አዲስ ጨዋታ የፈጠሩ መስሎኝ ሳቅሁ። "ጋሼ፣ ድመቷ እኮ አትንቀሳቀስም" አልኳቸው። ማሽኖቹ ሁሉ ጠፍተው ስለነበር ሳቄ ለብቻው ተሰማ።

በማግስቱ ሌሎቹን ልጆች ካደረስን በኋላ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው። አፍንጫዬን እዩ እያለ ጣቶቹን በጎን ያነሣና ስንት ነው ይላቸዋል። በግራ ሲያነሣ ይመልሳሉ፤ በቀኝ ሲያነሣ ዝም። ጨነቀኝ። ክፍል ውስጥ ጓደኛዬን እንደማደርገው በጉልበቴ ላይ ሦስት ጣት ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ ለካ የተቀመጥኩትም በቀኛቸው ነበር።

"ዓይንዎ ጤነኛ ነው አባት" አላቸው ሐኪሙ። "ችግሩ ከጭንቅላት ነው። ያ ራስ ምታት ሲይዝዎ አንድ ትንሽ ደም ሥር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የሁለቱንም ዓይን የቀኝ በኩል እይታ ወስዶታል። ሆስፒታል ሄደው ጭንቅላትዎን ይነሡ። መኪና ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነዱ።"

"እሺ ዶክተር። ጌታ ይባርክዎ" አሉ።

ወጣን። ሚኒባሷ ጥላ ሥር ቆማለች። የሾፌሩን በር ከፍተው ገቡ፤ እኔም ዞሬ ጋቢና ገባሁ። ቁልፉን ሳያዞሩ ብዙ ቆዩ።

"ማርታ፣ ወላጆቹ ይህን ከሰሙ ልጆቹን ይወስዱብኛል" አሉ። "ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀኝ ከሌለ እኔ ለማን ነው የምነሳው?" ከዚያ ድምፃቸውን አጠንክረው "ጌታ ይመልሰዋል። ከዚህ የባሰም መልሷል። እስከ ፋሲካ ጊዜ ልስጠው። እስከዚያ አንቺ ቀኜ ሁኚኝ። በቀኝ ያለውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ።"

"እንደ ጨዋታው?"

"እንደ ጨዋታው።"

"እማዬስ?"

"ስድን እኔ ራሴ እነግራታለሁ።"

ዛሬ እንደ ትልቅ ሰው ሳስበው እናደድባቸዋለሁ። ዘጠኝ ልጅ ጭኖ በግማሽ ዓይን መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም። በሕይወቴ ማንም ያን ያህል ፈልጎኝ አያውቅም። ሌሊቱን በአልጋዬ ላይ ሆኜ የመንገዱን ቀኝ ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም በሐሳቤ ስደረድር ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ጠዋቶች የዚያ ዓመት ምርጥ ቀኖቼ ናቸው። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ በዝቅታ ድምፅ እዘረዝራለሁ። "ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ጋሪ፣ ባዶ ነው። የተቆለለ አሸዋ። ውሻ፣ ተኝቷል።" እሳቸው ለእያንዳንዱ "አገኘሁት" ይላሉ፤ መሪያቸውን ትንሽ ወደ ግራ ይይዛሉ። ለቡ ጋ ሲደርሱ ግንባታ ይበዛል፤ ጠጠር፣ የአርማታ ብረት፣ ባሬላ የያዙ ሠራተኞች፣ ሁሉም በቀኝ። እኔ አንዱንም አላስመልጥም። ባለ ሸንኮራው የት ጋ እንደሚቆም፣ የትኛዋ ሴትዮ ሳታይ እንደምትሻገር፣ የትኛው ጉድጓድ ክዳኑ እንደተሰረቀ በቃሌ አወቅሁ። ሁልጊዜ የማልፍበት መንገድ ያን ያህል ነገር እንዳለበት አላውቅም ነበር።

ልጆቹ ምን እያልሽ ነው ሲሉኝ ጨዋታ ነው አልኳቸው። ስህተት ነበር። በሦስተኛው ቀን መኪናው በሙሉ ተጫዋች ሆነ። ናትናኤል "ላዳ" ይላል፣ ሁለቱ እህትማማቾች "ጃንጥላ፣ ቀይ" እያሉ ይንጫጫሉ፣ ከሁሉ የምታንሰው ቤዛ ደግሞ የምታውቀው ቃል ጥቂት ስለሆነ ያየችውን ሁሉ "በግ" ትላለች። ጋሽ ኤርሲዶ ዳር ይዘው አቆሙ። "በዚህ መኪና ከዛሬ ጀምሮ የሚናገረው አንድ አፍ ነው፤ እሱም የማርታ" አሉ። ማንም እንደዚያ አክብሮኝ አያውቅም። አፍንጫዬ ሰማይ ነካ።

ኮምፒውተሩን ግን መንካት ተዉ። ሱቁ መጥተው ይቀመጣሉ፤ ነይ እንፈልግ ስላቸው "ዛሬ ደክሞኛል" ይሉኛል። የዝናብ ልብስ የለበሰችው ሴትዮ ወጥ ቤት ውስጥ ቀረች። እናቴ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አንተ ጋሼ እንዴት ለቀቅከው?" ብላ ታሾፍባቸዋለች። እሳቸው ፈገግ ብለው ግድግዳውን ያያሉ። ይጾሙ ነበር፤ ምሳቸውን ለእኔ እየሰጡኝ። በጓሮ ሳልፍ ሲጸልዩ እሰማቸዋለሁ። ከልመናቸው አንድ ቃል ብቻ ነው ጎልቶ የሚሰማኝ፤ ቀኝ።

የሁዳዴ ጾም እየተገባደደ ሲመጣ በግ ነጋዴዎች መንገድ ዳር መንጋቸውን ይዘው መቆም ጀመሩ። ሥራዬ በዛ፤ ሰለቸኝም። አንድ ከሰዓት፣ ምንም በሌለበት፣ ልጆቹን ላስቅ ብዬ "ፍየል" አልኩ። ጋሽ ኤርሲዶ ፍሬን ረገጡ። ናትናኤል ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ተላትሞ ከንፈሩ ደማ። ፍየሉን ፈልገው ሲያጡ ወደ እኔ ዞሩ።

"ውሸታም ቀኝ ከሚኖረኝ ባይኖረኝ ይሻላል" አሉ። "ዝም በይ።"

ክፉ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ያውም በሁሉም ፊት። ፊቴ ነደደ። ዝም በይ ካሉኝ ዝም እላለሁ አልኩ በልቤ፣ ያኔ ያዩታል። የለቡዎቹ ልጆች እስኪወርዱ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እሳቸው አንገታቸውን ግራና ቀኝ እያዟዟሩ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት እየነዱ መካኒሳ ደረስን። ኩርፊያዬን ያወቁልኝ መሰለኝና ይበልጥ አኮረፍኩ።

የቤዛ ቤት ኮብልስቶኑ መንገድ ውስጥ ነው። እንደ ልማዳቸው ሞተር አጥፍተው ወረዱ፣ ቤዛን አወረዱ፣ ይዘዋት እስከ በሩ ሄዱ። ገባች። እሳቸው በኋላ በኩል ዞረው ወደ መሪያቸው ተመለሱ። በዚያ መሐል ነፋስ መጣ። ቤዛ በትምህርት ቤት የሳለችው ወረቀት ከእጇ ወጥቶ በአየር ተንሳፈፈና ከሚኒባሷ የቀኝ ጎማ ፊት አረፈ። ቤዛም ተከትላው ወጣች፣ አጎነበሰች። ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ የፀጉሯ ቢጫ ጥብጣብ ብቻ ነው።

አየኋት። በደንብ አየኋት።

ጋሽ ኤርሲዶ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ተነሣ። ፊታቸውን ወደ ቀኝ ወደ መስታወቱ አዞሩ፤ መስታወቱ የሚያሳየው የኋላውን ነው። እስቲ ያግኟት አልኩ በልቤ፤ ያለ እኔ ያግኟት። አንድ። ማርሽ አስገቡ። ሁለት። ፊታቸውን ወደ ፊት መለሱ። ሦስት። መኪናዋ ንቅንቅ አለች።

ያኔ ነው "ቤዛ" ብዬ የጮህኩት። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

ሚኒባሷ ቀጥ አለች። በሩን ከፍቼ ዘለልኩ። የፊት መከላከያው የጀርባ ቦርሳዋን ነክቶ ገፍቷት ቤዛ ድንጋዩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣለች። ወረቀቷን ይዛለች። አላለቀሰችም። "አገኘሁት" አለችኝ።

ጋሽ ኤርሲዶ መጥተው ፊቷ ተንበረከኩ። እጆቿን፣ እግሮቿን፣ ጭንቅላቷን ዳሰሱ። ምንም አልሆነችም። ተነሥተው ሞተሩን አጠፉ፣ የቀሩትን ሦስት ልጆች አወረዱ፣ በሮቹን ቆለፉ። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና "ከዚህ በኋላ በእግር ነው" አሉ። የለቡዎቹን ቤት በማግስቱ በእግራቸው ዞሩ፤ የመካኒሳዎቹን ግን በዚያው ሰዓት ጀመርን።

የቤዛ እናት ነጠላዋን እያስተካከለች በሩን ከፈተች።

"እህቴ፣ ቀኝ ጎኔ አያይም" አሏት ጋሽ ኤርሲዶ። "ሐኪም እንዳትነዳ ብሎኛል። እያወቅሁ ልጅሽን ስጭን ከረምኩ። አሁን እዚህ በርሽ ላይ ልገድላት ነበር። ይህች ልጅ ጮኻ አዳነቻት።"

ሴትዮዋ ቤዛን ወደ ቀሚሷ አስጠጋች። ከዚያ እኔን ጎትታ ግንባሬን፣ ሁለቱን ጉንጮቼን ሳመችኝ። "እመብርሃን ታሳድግሽ የኔ ልጅ" አለችኝ። ለእሳቸው አንድም ቃል አልነበራትም። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ብትወረውረው ይቀል ነበር።

የናትናኤል አባት የልጁን ያበጠ ከንፈር ሳያይ ነው የሰማቸው። "ታዲያ ምንም አልሆነ፣ ለምን ይነግሩናል?" አላቸው ግራ ገብቶት።

"ነገ ስለሚሆን" አሉ።

እሱም ዞሮ እኔን ጨበጠኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ጎበዝ ልጅ አለኝ። የእህትማማቾቹ እናት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናት፤ ሁለት እጇን ጭንቅላቴ ላይ ጭና ጸለየችልኝ። ጌታ ሆይ፣ የዚህችን ልጅ ዓይን ስላነቃህ፣ አፏን ስለከፈትክ አለች። እጇ ከበደኝ። በየበሩ የሰጡኝን ምርቃት ሁሉ እየዋጥኩ ነበር የመጣሁት።

ወደ እናቴ ሱቅ ስናመራ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ጋሽ ኤርሲዶ እጄን በቀኝ እጃቸው ይዘውኛል። የመንገዱ ሰው እየተጋፋቸው ያልፋል፤ ከቀኝ የሚመጣውን አያዩትም። ስለ ኩርፊያችን፣ ስለ ፍየሉ፣ ስለ ምንም አላነሡም። ዝም ብል ማንም በፍጹም አያውቅም ነበር። እሳቸው እንኳ።

"ጋሼ።"

"ወዬ።"

"ቤዛን ቀድሜ አይቻት ነበር።"

እርምጃቸውን ዝግ አደረጉ።

"ከመጮሄ በፊት ነው ያየኋት። ያለ እኔ ያገኟት እንደሆነ ብዬ ዝም አልኩ።"

ቆሙ። እጄን እስኪለቁት ጠበቅሁ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ የጫማቸውን አቧራ ሳይ ትዝ ይለኛል።

"ምን ያህል ቆየሽ?" አሉኝ።

"ሦስት ቆጠርኩ።"

"ሦስት" አሉ። አንድ ታክሲ ተሳፋሪ እየጠራ አለፈ፤ እስኪርቅ ጠበቁ። "እኔ ሠላሳ አንድ ቀን ቆጠርኩ፣ ማርታ። አንቺ አሥር ዓመትሽ ነው፤ እኔ ስልሳ ልሞላ ነው።"

እጄን አልለቀቁትም። አለቀስኩ፤ እሳቸውም ሳያባብሉኝ፣ ሳይቆጡኝ፣ ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ በሌላ እጃቸው መሐረብ አውጥተው ሰጡኝ።

"ለእናትሽ የእኔን እኔ እነግራታለሁ" አሉኝ ሱቁ ጋ ስንደርስ። "የአንቺን ለማንም አልናገርም። መናገር ካለብሽ አንቺ ነሽ።"

ገባን። እናቴ ከማሽኑ ቀና አለችና ሁለታችንን አየች፣ ከዚያ በበሩ አሻግራ ባዶውን የመኪና ማቆሚያ አየች። "ምነው በእግር? መኪናውስ?" አለች።

ጋሽ ኤርሲዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ቀደምኳቸው።